የጋሽ መኩሪያ ዓሣ

«አንቺ እዚህ ቤት የምትኖሪ ሳይሆን በረራ የምትጠብቂ ነው የምትመስይው» አለችኝ አክስቴ ዘነቡ፣ የጋራዡን ፍሪዘር ክዳን በአንድ እጇ ወደ ላይ ይዛ። በሌላው እጇ የያዘችው ዓሣ ነበር። በፕላስቲክ የታሸገ፣ እንደ ድንጋይ የጠጠረ፣ ዳር ዳሩን በረዶ የበላው የሳልመን ሥጋ። ልጇ በሚቀጥለው ሳምንት ትመረቃለች፣ የድግሱ ሥጋ ቦታ ይፈልጋል፣ የኔ ዓሣ ግን ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው እዚያ ጥግ ላይ ከተኛ። ወይ ብዪው፣ ወይ ለባለቤቱ አድርሺው፣ ወይ ጣዪው አለችኝ። ዓሣውን እጄ ላይ አስቀምጣ፣ ክዳኑን ዘግታ ገባች።

እውነቷን ነው። ዳላስ ዳርቻ፣ ከጋርላንድ ጎን ሳክሲ በምትባል ከተማ እሷ ቤት ክፍል ተከራይቼ ስኖር ልብሴን አንድ ቀን ቁም ሳጥን ውስጥ ሰቅዬ አላውቅም። ከሻንጣ አውጥቼ እለብሳለሁ፣ አጥቤ ወደ ሻንጣው እመልሳለሁ። ግድግዳዬ ላይ ከመብራት ማብሪያው በስተቀር ምንም የለም። ሜይ ነው፣ ከጋራዡ ውጪ አስፋልቱ ከአሁኑ መጋል ጀምሯል፣ የኔ ጣቶች ግን ደንዝዘዋል። ፕላስቲኩ ላይ በኔው የእጅ ጽሑፍ በጥቁር ማርከር «ሂሩት፣ ኧርቪንግ» ይላል። አፍንጫዬን አስጠጋሁት። የበረደ ዓሣ አይሸትም ይላሉ፣ ምናልባትም አይሸትም። እኔን የሸተተኝ ቦታው ነው። ጨው፣ ናፍጣ፣ ከርሞ የማይደርቅ እንጨት።

ትዝታ የሽማግሌ ሥራ ነው የሚል ሰው ካለ ይቅርታ ያድርግልኝ። ሃያ ስምንት ዓመቴ ነው፣ ግን አንዳንድ ዘመን በዓመት አይለካም። እኔ ያንን የባሕር ዳርቻ ሳስበው ሌላ ሰው የኖረበት ይመስለኛል።

ያኔ ኤርፖርቱ አጠገብ ለአውሮፕላን ምግብ የሚያዘጋጅ ኩሽና ውስጥ ነበር የምሠራው። ቀኑን ሙሉ በትንንሽ ሳህን ላይ ሦስት ሦስት ቁራጭ ካሮት መደርደር። አራት ካደረግሽ ሱፐርቫይዘሯ መጥታ አንዱን ታነሳለች። አንዲት ፊሊፒናዊት ባልደረባዬ ናት አላስካ ውስጥ አንድ የዓሣ ማጥመጃ ሎጅ ለሰመር ሰው እንደሚፈልግ የነገረችኝ፤ መኝታ በነፃ፣ ምግብ በነፃ፣ ቲኬቱንም እነሱ ይቆርጣሉ። ማንንም ሳላማክር በዚያው ሳምንት ፎርሙን ሞላሁ። አክስቴ ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል በኋላ ኮሌጅ ግቢ ብልሽ ዓሣ ልታጥቢ ትሄጃለሽ ብላ አንድ ሳምንት አኮረፈችኝ። ጋርላንድ ካለው የአሮጌ ልብስ መሸጫ የወንድ የጎማ ቦት በስምንት ዶላር ገዛሁ። ሰፊ ስለነበር ሁለት ካልሲ ደርቤበት ሁለት ሰመር አገለገለኝ። ከዚያው ሱቅ ደረቱ ላይ የማላውቀው የቦውሊንግ ቡድን ስም የተጠለፈበት ቀይ ሹራብ በሦስት ዶላር። ዛሬ ያ ሱቅ ፈርሶ መኪና ማጠቢያ ሆኗል፣ በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ግን እግሬ ቦቱን ያስታውሳል።

ሦስት አውሮፕላን ነው። የመጨረሻዋ ውሃ ላይ የምታርፍ፣ ከሚኒባስ የምታንስ፣ ፓይለቱ ክብደትሽ ስንት ነው ብሎ ጠይቆ የት እንደምትቀመጪ የሚወስንባት ናት። መንገድ የለም፣ መኪና የለም። ጥቁር ተራራ፣ ውሃው ድረስ የወረደ ጥድ፣ ረጅም የእንጨት መርከብ ማሰሪያ፣ አራት ጀልባ፣ አሥራ ሁለት ትንንሽ ጎጆ። ዝናቡ እንደኛ አገር ዝናብ መጥቶ የሚሄድ አይደለም፤ እዚያው ይኖራል። የኔ ሥራ ጠዋት ጎጆዎቹን ማጽዳት፣ ከሰዓት የተያዘውን ዓሣ ማሸግና ስም መጻፍ ነበር። እንግዶቹ ለአራት ቀን የሚከፍሉት እኔ በሁለት ወር የማላገኘውን ነው። የሚገርመው ግማሾቹ ከፎርት ወርዝና ከዳላስ የመጡ ቦርጫም ሰዎች ነበሩ። ከየት ነሽ ሲሉኝ ከጋርላንድ እላቸዋለሁ፣ ይስቃሉ፤ የእውነት ከየት ነሽ ይላሉ፤ የእውነት ከጋርላንድ ነኝ፣ ዋልማርቱን አልፎ ሁለተኛው መብራት ጋ እላቸዋለሁ። ስልክ የሚይዘው ኩሽናው አጠገብ ብቻ ስለነበር ከመሄዴ በፊት ስልኬ ላይ የጫንኳቸውን አሥራ ሁለት ዘፈኖች ነው ሰመሩን ሙሉ የሰማሁት። አሁን ጋርላንድ የሰርግ አዳራሽ ውስጥ ከነዚያ አንዱ ሲከፈት ሰው ሁሉ ለእስክስታ ይነሳል፣ እኔን ሄሪንግ፣ ለማጥመጃ የምንቆርጣት ትንሽ ዓሣ፣ ጥሬዋን ትሸተኛለች።

በሦስተኛው ቀን መሆኑ ነው፣ ክምር ፎጣ ተሸክሜ በመርከብ ማሰሪያው ሳልፍ ከአንዱ ጀልባ ሞተር ሥር አንድ ሰው በአማርኛ ሲራገም ሰማሁ። የሞተሩን እናት አባት፣ የሠራውን ፋብሪካ፣ ፋብሪካው ያለበትን አገር። ቆምኩ። እንደምን ዋሉ አልኩ። መልስ የለም። ደገምኩ፣ መልስ የለም። እኔ ደግሞ ዝም ማለት አልችልም፤ አበሻ ሆነው ሰላምታ አይመልሱም እንዴ ብዬ ጮህኩ። ያኔ ነው ሽበታም ጭንቅላት በዝግታ ዞሮ ያየኝ።

«በግራ በኩል ነይ ልጄ» አሉ። «የቀኙ ጆሮዬ ጡረታ ወጥቷል።»

ጋሽ መኩሪያ ይባላሉ። በወጣትነታቸው ምጽዋ የባሕር ኃይል መርከብ ላይ የሞተር ክፍል ሠራተኛ ነበሩ፣ ጆሯቸውንም እዚያው ሞተር ክፍል ውስጥ ነው የተዉት። ነገር ሲገለባበጥ መርከቧ ይዛቸው ቀይ ባሕርን ተሻገረች፣ ሚስታቸውና የሁለት ዓመት ልጃቸው ከኋላ ቀሩ። ከዚያ በኋላ ያለውን እሳቸውም ደንበኛ አድርገው አልነገሩኝም። ካምፕ፣ ሌላ ካምፕ፣ በመጨረሻ ቴክሳስ። ኤርፖርት ላይ ከመኪና ማቆሚያው ወደ ተርሚናል፣ ከተርሚናል ወደ መኪና ማቆሚያው ሰው የሚያመላልስ ሻትል ነዱ። ሚስታቸው አገር ቤት አረፉ፣ ልጃቸው ሂሩት በአሥራ ስድስት ዓመቷ መጣችላቸው። እሷ ነርሲንግ ኤድ፣ የነርስ ረዳት፣ ሆና ሥራ ስትጀምር እሳቸው ይሄን ሎጅ አገኙ፤ ክረምቱን ሻትል፣ ሰመሩን ጀልባ። «በመሪ ሃያ ዓመት ክብ ዞርኩ» ይሉኝ ነበር፣ «እዚህ ቀጥ ብዬ እሄዳለሁ።»

የጀልባ ሠራተኛ ሲጎድል እሳቸው ይወጣሉ፣ ጎጆዎቹን ቶሎ ከጨረስኩ እኔንም ያወጡኛል። ሁልጊዜ በግራቸው ነው የምቆመው። ጠዋት ሳልመን ነው። ጀልባዋ በሰው እርምጃ ፍጥነት ትሄዳለች፣ መንጠቆው ከኋላ ይጎተታል። መንጠቆው ላይ የምትሰካው ሄሪንግ አንገቷ ጋ በሰያፍ ካልተቆረጠች አትሽከረከርም፣ ካልተሽከረከረች ሳልመን ዞር ብሎ አያያትም። ሰያፉን ለመማር አንድ ሳምንት ፈጀብኝ። ጋሽ መኩሪያ እኔ የቆረጥኳትን አንስተው አይተው፣ ምንም ሳይሉ ለወፎቹ ይወረውሯታል፤ የመጀመሪያዋን ያልወረወሩልኝ ቀን ደሞዝ የተጨመረልኝ ያህል ነው የተሰማኝ። ሳልመኑ ሲይዝ ገመዱ ይጮሃል፣ እንግዳው ይጮሃል፣ ሁሉም ይጮሃል። እሳቸው ብቻ በለሆሳስ አንድ ዜማ ያንጎራጉራሉ፤ መልሕቅ ሲነሳ የሚዘምሩት ነበር አሉኝ፣ ግጥሙን ረስተውታል።

ከሰዓት ማዕበሉ ጋብ ሲል ደግሞ ወደ ታች ነው። ከቡጢ የሚበልጥ እርሳስ ታስሮ ገመዱ ይለቀቃል፣ ይወርዳል፣ ይወርዳል፣ አንድ ሰው ሲጋራ አጭሶ እስኪጨርስ ይወርዳል። ከዚያ ጣትሽ ላይ ጠብ የምትል ነገር ትሰማለች። መሬት ነው። ያቺን ስሜት እስካሁን በምን እንደምነግራችሁ አላውቅም፤ የማታዪው፣ ማንም የማያየው መሬት ጣትሽን ነክቶ ይመልሳል። ከዚያ የሚወጣው ሃሊበት የሚባል ጠፍጣፋ ዓሣ ነው፣ ሁለቱም ዓይኖቹ በአንድ ፊቱ ላይ፤ እሱን መጎተት በር ከነመቃኑ ከውሃ እንደመንቀል ነው። ሃሊበት ሲጠበቅ ግን ብዙ ጊዜ ሮክፊሽ የሚሉት ቀይ ዓሣ ይመጣል። ከዚያ ጥልቀት በአንድ ትንፋሽ ስለሚወጣ ሆዱ ተነፍቶ በአፉ ይወጣል፣ ዓይኑ ይፈጥጣል። ከተፈቀደው በላይ ከሆነ መመለስ አለበት፣ ዝም ብሎ ከተወረወረ ደግሞ እንደተነፋ ይንሳፈፋል፣ መስመጥ አይችልም፣ ወፎች ቆመውበት ይበሉታል። ስለዚህ ክብደት ያለው መቆንጠጫ ከንፈሩን ይዞ ወደመጣበት ጥልቀት ይወስደዋል፣ እዚያ ሲደርስ ይለቀዋል። አንድ ጊዜ አንድ የፎርት ወርዝ ሰው ቸኩሎ በእጁ ሲወረውር ጋሽ መኩሪያ ጀልባዋን አዙረው፣ ግማሽ ሰዓት አባክነው፣ ያንን አንድ ዓሣ በመረብ ለቅመው ወደ ታች ላኩት። ሰውየው ገንዘቤን ነው የምታቃጥለው አለ። እሳቸው በቀኝ ጆሯቸው አዳመጡት።

ፍልሰታ የሚገባው ሲልቨር የሚሉት ሳልመን በሚጎርፍበት ጊዜ ነው። ጋሽ መኩሪያ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሆን ውሃ አይቀምሱም፤ እጃቸው እስከ ክርን ዓሣ ነው፣ ከዚያ ድንችና ዳቦ ይበላሉ። ዓሣ ለጾም ይፈቀዳል የሚሉ አሉ ብዬ ልከራከራቸው ሞከርኩ። አንቺ ብዪ፣ እኔ የምጾመው ጉዳይ ስላለኝ ነው አሉ። ጉዳዩን ያወቅኩት ግን ከሳቸው አይደለም። ከሎጁ ባለቤት ሚስት ነው፣ ጉም በያዘን ቀን።

ጉም ስል ጭጋግ እንዳይመስላችሁ። ከኩሽናው በር ላይ ቆመሽ የመርከብ ማሰሪያውን አታዪም። ትንሿ አውሮፕላን አትመጣም፣ ጀልባ አይወጣም፣ ሰው ካርታ ይጫወታል። ሴትየዋ ዳቦ እያቦካች ነገረችኝ። ከጥቂት ዓመት በፊት የጋሽ መኩሪያ ልጅ ሰርግ ነበር። ኧርቪንግ ውስጥ። ከአምስት ቀን በፊት ፈቃድ ወስደው፣ ሻንጣቸውን ዘግተው ጨረሱ። ጉሙ መጣ። በመጀመሪያው ቀን ጠዋት ሱፋቸውን ለብሰው፣ ክራቫታቸውን አስረው፣ ከሥር የጎማ ቦት አድርገው መርከብ ማሰሪያው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ጫማቸውን በላስቲክ ጠቅልለው ጉልበታቸው ላይ ይዘዋል። አውሮፕላኗ አልመጣችም። ማታ ገቡ፣ ጠዋት ደግሞ ለብሰው ወጡ። ግባ፣ ስትመጣ ድምጿን እንሰማለን ቢሏቸው እኔ እኮ በግማሽ ነው የምሰማው፣ ታመልጠኛለች አሉ። አምስት ቀን። በአምስተኛው ቀን ከሰዓት፣ ሰርጉ በሚሆንበት ሰዓት፣ ተነስተው ገብተው ቱታቸውን ለበሱና ሞተር ፈቱ። ስልክ ደውለው ለልጃቸው ጉም ነው አሏት። ቴክሳስ፣ በዚያ ፀሐይ፣ ሙሽራ ሆነሽ፣ አንድ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ በአባትሽ ቦታ ይዞሽ ሊገባ እየጠበቀ፣ ጉም የሚል ሰበብ ማን ያምናል? ሕፃን ሆና በመርከብ ጥሏት የሄደ አባት ነው። ስልኩን ዘጋችው፣ ከዚያ ወዲያ አላነሳችም። ከዚያ ዓመት ጀምሮ ጋሽ መኩሪያ ክረምቱንም እዚያው ሎጅ ጠባቂ ሆነው ቀሩ።

በሁለተኛው ሰመሬ መጨረሻ፣ እንቁጣጣሽ ሊሆን ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ እንግዶቹ ሁሉ ሄደው የመጨረሻዋን ጉዞ እኔና እሳቸው ብቻ ወጣን። ለራሳቸው መንጠቆ ሲጥሉ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ሄሪንጓን እኔ እንድቆርጥ ሰጡኝ። የያዙት ሲልቨር እንደ ሳንቲም ያበራ ነበር። በመረብ አወጣሁት። ራሳቸው በለቱት፣ እሾሁን በጣታቸው እየዳበሱ አንድ በአንድ ነቀሉ፤ ልጅ ሆና እሾህ ትፈራ ነበር ትል ነበር እናቷ አሉ። እኔ አሸግኩ፣ ስሙን ጻፍኩ። ምን ልበላት ስላቸው ምንም አትበዪ፣ ዓሣ ነው በያት አሉ። አድራሻውን በቃላቸው ነው የነገሩኝ፣ ከነአፓርትመንት ቁጥሩ።

አሁን የሚመጣው ነገር ጥፋቱ የማን እንደሆነ እስከዛሬ ከአክስቴ ጋር እንጨቃጨቃለን። በረራው እሑድ ጎህ ሲቀድ ዳላስ አወረደኝ። ዓሣው ያለበት ሳጥን በረዶው ቀልጦ ውሃ ያንጠባጥባል። አክስቴ ልትቀበለኝ ስትመጣ ሁለት የማኅበር ጓደኞቿን ይዛለች፣ ከዚያው በቀጥታ ወደ ቅዳሴ ሊሄዱ ነው። ኧርቪንግ ኤርፖርቱ ሥር ነው፤ ዓሣው ሳይበላሽ አድርሰነው እንለፍ አልኩ። እሺ አሉ። አፓርትመንቱ በር ላይ ሲደረስ አክስቴ ብቻሽን ሰው ቤት አትሄጂም ብላ ወረደች፣ እሷ ስትወርድ ሁለቱም ወረዱ። አሁን እዩት እስቲ። እሑድ፣ ወፍ ሳይንጫጫ፣ ሦስት ነጠላ ያጣፉ ትልልቅ ሴቶች፣ ከፊታቸው ሳጥኑ ከብዷት አንገቷን የደፋች የማትታወቅ ልጅ። ሂሩት በሩን ከፈተች፣ የሆስፒታል ልብሷን ለብሳ፣ ለሥራ ልትወጣ። እኔ አፌን ከፍቼ ከጋሽ መኩሪያ ዘንድ ነው የመጣሁት አልኩ።

ሌላ ቃል አልጨመርኩም። መጨመር አልቻልኩም። «አባዬን» ብላ ደረቷን መታች፣ ከዚያ ወለሉ ላይ ነበረች። አባዬን፣ አባዬን፣ ሳላናግረው፣ እያለች ምንጣፉን ትቧጥጣለች። ሁለቱ የማኅበር ሴቶች ማን እንደሞተ አያውቁም፣ ግን ሰው ሲያለቅስ ዓይናቸው ደርቆ መቆም አይችሉምና አብረው ማልቀስ ጀመሩ። አንዷ ወይኔ ወንድሜን ትላለች። የጎረቤት በሮች ተከፈቱ። አክስቴም ለእኔ ያልነገርሽኝ ምን አለ በሚል ዓይን አየችኝና ነጠላዋን ወደ ፊቷ አነሳች። እኔ ሳጥኑን ከፍቼ ዓሣውን ወደ ላይ አንስቼ «ዓሣ ነው፤ ደህና ናቸው፣ ዓሣ ነው የላኩት» እያልኩ እጮሃለሁ፣ የሚሰማኝ የለም።

ሲገባት ዝም አለች። ወለሉ ላይ እንደተቀመጠች ፊቷን በእጅጌዋ ጠረገች። ሴቶቹም አንድ በአንድ ዝም አሉ። ከዚያ ተነስታ፣ እኔ ፊት ቆማ፣ ዓሣውን መልሺ አለችኝ። እሱ እንዳለቀስኩ እንዳያውቅ፣ እናቴ ትሙት በዪ አለችኝ። እንዲህ ካላልሽ ከዚህ በር አትሄጂም። እናቴ ትሙት አልኩ። እናቴ ደብረ ብርሃን ናት፣ አንድ ናት፣ አልኩ።

በዚያው ቀን ጋሽ መኩሪያ ደወሉ። ሰው ፊት ለፊት ሰድቤ የማላፍር ሴት ነኝ፤ ያን ቀን ግን ቤት አልነበረችም፣ ዓሣው ፍሪዘር ገብቷል አልኩ። ትቆይ፣ ዓሣ ይቆያል አሉ። ወደዚያ አልተመለስኩም። ጋርላንድ መጋዘን ገባሁ፣ ስካነር ይዤ ሣጥን አነባለሁ፣ እንደ አክስቴ አነጋገር በረራ እጠብቃለሁ። በየእሑዱ ይደውላሉ። በስልክ ከምናገረው ግማሹን አይሰሙም፤ ደህና ነኝ ስል ምን አልሽ፣ ዝናብ አለ ሲሉ እኔ እሺ፣ እንዲሁ እንጯጯሃለን። መጀመሪያ መጀመሪያ ዓሣዋ ይሉኝ ነበር፤ አለች እላለሁ። ከአንድ ክረምት በኋላ መጠየቅ ተዉ። ባለፈው ወር ግን ሎጁ ተሸጠ አሉኝ። አዲሶቹ ባለቤቶች ጠባቂ አይፈልጉም፣ በሜይ መጨረሻ ይወጣሉ። ከዚያ ወደ ምዕራብ፣ ደሴቶቹ ጋ፣ ስልክም ፖስታም በወር አንዴ የሚደርስበት የዓሣ ፋብሪካ የሞተር ሠራተኛ ይፈልጋል ተብለዋል። ወደ ዳላስስ አይመጡም ወይ አልኳቸው፣ ሁለቴ ጮኼ።

«ዳላስ ማን አለኝ ልጄ?» አሉ።

መልሱ ምላሴ ላይ ነበር። ዋጥኩት።

እንግዲህ አክስቴ ያቺን ንግግሯን ተናግራ ከገባች በኋላ ጋራዡ ውስጥ ዓሣውን እንደያዝኩ እናቴ ጋ ደወልኩ። በስምሽ ምዬ ነበር፣ ላፈርሰው ነው፣ ልንገርሽ ብዬ ነው አልኳት። ምን እንደሆነ ሳትጠይቅ ሳቀች። እኔን የሚገድለኝ ስኳር ነው እንጂ ያንቺ መሐላ አይደለም፣ አፍርሺው አለችኝ፤ ከዚያ ለምን አልወፈርሽም ወደሚለው ገባች። ስልኩን ስዘጋ ቲኬት ቆረጥኩ። ሦስት አውሮፕላን። መጋዘኑ ፈቃድ የለም አለኝ፣ እሺ አልኩት።

ቅዳሜ በጠራራ ፀሐይ፣ የመጋዘኑን ብርቱካናማ ሰደሪያ እንደለበስኩ፣ ብቻዬን፣ ኧርቪንግ ሄድኩ። በሩን ከማንኳኳቴ በፊት ከኮሪደሩ ጀምሬ ማንም አልሞተም እያልኩ ነው የደረስኩት። አንድ ጎረቤት በመስኮት አየኝ።

ሂሩት ከፈተች። ጸጉሯን በሻሽ አስራ፣ እጇ ላይ የሳሙና አረፋ አለ። አየችኝ፣ እጄ ላይ ያለውን አየች።

«ደህና ነው?» አለች።

«ደህና ናቸው።»

«ታዲያ ልትገድዪኝ ነው እንዴ የምትመላለሺው» አለች፣ ግን በሩን ለቀቀችልኝ። ጫማዬን አውልቄ ገባሁ። ዓሣውን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩ። ተቀመጪ ስላላለችኝ ቆሜ ነገርኳት። ሎጁ እንደተሸጠ፣ ደሴቶቹን፣ የሜይ መጨረሻን። ጉሙን በዓይኔ እንዳየሁት። ሱፉን፣ ክራቫቱን፣ ከሥር የጎማ ቦቱን፣ በላስቲክ የተጠቀለለውን ጫማ ጉልበታቸው ላይ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት ቀን። እሾሁን በጣታቸው እየዳበሱ እንዴት እንደነቀሉት። አስጊጬ አልነገርኳትም፣ ማስጌጥ አልችልበትም። ሐሙስ እሄዳለሁ አልኳት። እዚህ ወለል ላይ ያልሽውን እነግራቸዋለሁ፣ መሐላውን ከእናቴ ጋር ጨርሼዋለሁ፣ ልትከለክዪኝ አትችይም።

ሂሩት እቃ ማጠቢያው ጋ ሄዳ እጇን አለቀለቀች። ብዙ ጊዜ ወሰደባት። ጀርባዋን ሰጥታኝ በፎጣ ጣት በጣት ስታደርቅ ቆየች። ከዚያ መጥታ ዓሣውን አነሳች፣ አገላበጠችው፣ ጽሑፉን አነበበች።

«አሁን አይበላም ይሄ» አለች።

«አይበላም» አልኩ።

የማቀዝቀዣዋን የላይኛውን በር ከፈተች፣ በረዶና የታሸገ አተር ወደ ጎን ገፋ አድርጋ፣ ዓሣውን አስገባችና ዘጋችው። እጇ በሩ ላይ እንዳለ ቆየ። እኔ ወደ መውጫው ሄጄ ጎንበስ ብዬ የጫማዬን ክር ማሰር ጀመርኩ።

«የቀኙ አይሰማም» አለች፣ ከኋላዬ። «በግራ በኩል ንገሪው።»

እሺ አልኩ። ሁለተኛውን ጫማ አሰርኩ፣ በሩን ዘግቼ ደረጃውን ወረድኩ።